ውስን በጀት፣ ረጅም መንገድ፦ የገጠር መንገድ ጥገና ከየት ይጀምር?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤቶች በአቤቱታ ይጨናነቃሉ። ከአንዱ ቀበሌ የመጣው ጎርፍ ቱቦ ነቅሎ መውሰዱን ይናገራል፤ ከሌላው የመጣው ዳገቱ ተቦርቡሮ መኪና አላወጣ ማለቱን ያስረዳል፤ የሦስተኛው ቀበሌ ነዋሪዎች ደግሞ ዋልካው ገረጋንቲውን ውጦት መንገዱ ከማሳ አልለይ ማለቱን ይገልጻሉ። ሁሉም ጥያቄ እውነት ነው፤ ሁሉም አስቸኳይ ነው። በካዝና ያለው ገንዘብ ግን የጥቂቱን እንጂ የሁሉንም መልስ አይሸፍንም።

“የትኛው ይቅደም?” የሚለው ውሳኔ ታዲያ የምህንድስና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት ለመውሰድ የተላከ አምቡላንስ የት ድረስ እንደሚገባ፣ ማዳበሪያ ከዘር ወቅት በፊት መድረስ አለመድረሱን፣ የአርሶ አደሩ ምርት ዋጋ ባለው ጊዜ ገበያ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው የመንገዱ መብዛት ነው። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ አጠቃላይ የመንገድ ርዝመት 26 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ለዚህ ዕድገት ትልቅ ድርሻ ያለው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመው፣ በተለምዶ ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። አብዛኞቹ የገጠር መንገዶች የጠጠር መንገዶች ናቸው። በተቀራራቢ ጊዜ የተሠሩ መንገዶች ደግሞ በተቀራራቢ ጊዜ ያረጃሉ። ትናንት በአንድነት የተመረቁት መንገዶች ዛሬ በአንድነት ጥገና ይጠይቃሉ።

መንገድ እንዴት ያረጃል?

የጠጠር መንገድ የሚያልቅ ነገር ነው። ከላይ የሚለብሰው ገረጋንቲ በበጋ አቧራ ሆኖ ይተናል፤ በክረምት በጎርፍ ይታጠባል፤ በጎማ ተገፍቶ ወደ ጠርዝ ይበተናል። እንደ ዝናቡ መጠን፣ እንደ ዳገቱና እንደ ተሽከርካሪው ብዛት በየዓመቱ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ሊቀንስ ይችላል። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በዓመት 20 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 120 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ይጠፋል ማለት ነው። ሲሠራ የለበሰው 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ውስጥ ምንም አይቀርም። ከዚያ በኋላ ጎማው የሚያርፈው ራቁቱን በቀረው አፈር ላይ ነው።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ችግሩ ይከፋል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ሲጠግብ ጭነት የመሸከም ኃይሉን ያጣል። እንደ ፎገራና ደንቢያ ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች ውኃው ቶሎ ስለማይሸሽ አንድ ከባድ ዝናብ መንገድን ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። በደጋማውና ተዳፋት በሆነው የወሎ አካባቢ ደግሞ አደጋው ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ውኃው ይፈጥናል፤ ቦዩን አልፎ መንገዱን ይቦረቡራል።

ሦስተኛው ምክንያት ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ታዋቂ የመንገድ ሙከራ፣ በንጣፍ መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከጭነቱ ጋር እኩል እንደማያድግ አሳይቷል። ጉዳቱ የሚያድገው በግምት በአራተኛ ርቢ ነው። በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከ8 ወደ 12 ቶን ከፍ ቢል ክብደቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን አምስት እጥፍ ይሆናል። በጠጠር መንገድ ላይ ስሌቱ ቃል በቃል ባይሠራም መልእክቱ አይለወጥም፤ በረጠበ መንገድ ላይ የሚያልፉ ጥቂት ከባድ ገልባጭ መኪናዎች የብዙ ወራት ጥገናን በአንድ ቀን ሊያበላሹ ይችላሉ። ካሜሩንን የመሳሰሉ አገሮች ከዝናብ በኋላ መንገዱ እስኪጠነፍፍ ድረስ ለከባድ ተሽከርካሪ ኬላ የሚዘጉት በዚህ ምክንያት ነው።

“የባሰው ይቅደም” የሚለው ወጥመድ

በጀት ሲያንስ ተፈጥሯዊ የሚመስለው ውሳኔ እጅግ የተበላሸውን መንገድ አስቀድሞ መሥራት ነው። ፍትሐዊም ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ለምሳሌ 120 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ያለው አንድ ወረዳ ይታሰብ። 40 ኪሎ ሜትሩ በመልካም ሁኔታ ላይ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትሩ ገረጋንቲው እየሳሳ የመጣ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትሩ ፈርሷል። የሳሳውን አንድ ኪሎ ሜትር እንደገና ገረጋንቲ ለማልበስ የሚወጣው ወጪ “አንድ እጅ” ተብሎ ይያዝ። መልካሙን መንገድ በመደበኛ ጥገና ለማቆየት ለአንድ ኪሎ ሜትር በዓመት ከአንድ እጅ አንድ አሥረኛ፣ የፈረሰውን ከሥር መሠረቱ ለመሥራት ደግሞ አራት እጅ ይፈልጋል እንደማለት ነው። እያንዳንዱ ወረዳ በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው የሚገቡ የማስረጃ ቁጥሮች ናቸው። በዚህ መሠረት ሁሉንም ለመሥራት 4፣ 50 እና 120፣ በድምሩ 174 እጅ ያስፈልጋል። የተገኘው ግን 60 እጅ ነው።

ወረዳው ገንዘቡን ሁሉ በፈረሰው መንገድ ላይ ቢያውል 15 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ ያስመርቃል። የተቀረው 15 ኪሎ ሜትር እንደፈረሰ ይቆያል፤ ሌላው 90 ኪሎ ሜትር አካፋ ሳያገኝ ክረምቱን ይቀበላል። ከሳሳው 50 ኪሎ ሜትር ግማሹ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ቢፈርስ፣ 25 እጅ ይበቃው የነበረው ሥራ 100 እጅ ይጠይቃል። ልዩነቱ ብቻውን ከወረዳው የአንድ ዓመት በጀት ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ የተለየ ነው። መልካሙን 40 ኪሎ ሜትር በ4 እጅ ማቆየት፤ በሳሳው 50 ኪሎ ሜትር ላይ በ5 እጅ ቦይና ቱቦ ማጽዳት፤ ከዚሁ መካከል በጣም የሳሳውን 25 ኪሎ ሜትር በ25 እጅ ገረጋንቲ ማልበስ፤ በቀሪው 26 እጅ ደግሞ የፈረሰውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ከመሥራት ይልቅ መኪና የማያሳልፉትን ነጥቦች ብቻ መጠገን ነው። ለአንዱ ነጥብ ሁለት እጅ ቢያስፈልግ 13 ነጥቦች ይጠገናሉ። ለምረቃ የሚሆን አዲስ መንገድ አይኖርም፤ ነገር ግን መልካሙ አልተበላሸም፣ የሳሳው አልፈረሰም፣ የተዘጋውም ተከፍቷል።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት ለዚህ ነው። የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ በወቅቱ ለጥገና ሊወጣ ይገባ የነበረ 12 ቢሊዮን ዶላር ባለመውጣቱ በአሥር ዓመት ውስጥ የ45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ዕዳ መከተሉን አስፍሯል።

ዕቅድ ከቆጠራ ይጀምራል

የሌለውን መረጃ ተመርኩዞ ቅደም ተከተል ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየትና መመዝገብ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የእጅ ስልክ ቦታውንና ፎቶግራፉን ይይዛል፤ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ቀሪውን ይሞላሉ። በየኪሎ ሜትሩ የሚመዘገቡት የገረጋንቲው ውፍረት፣ የቦዮቹ ሁኔታ፣ የእያንዳንዱ ቱቦ መደፈን አለመደፈን፣ ዳገቱና የአፈሩ ዓይነት ናቸው። ጉብኝቱ በበጋ ብቻ ከሆነ ግን ግማሹ እውነት ይቀራል። ውኃው የት እንደሚተኛና የት እንደሚሻገር የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

የአፈሩን ጥንካሬ ለመለካት ዲሲፒ የሚባለው ቀላል መሣሪያ ይረዳል። ስምንት ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ሾጣጣ ጫፍ ያለውን ብረት ወደ መሬት ይሰድዳል። ብረቱ በአንድ ምት ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ በማየት የትኛው ክፍል መጠናከር እንደሚፈልግና የትኛው እንዳለ ሊበቃ እንደሚችል ይለያል። በዚህ መንገድ ባልተጎዳ ቦታ ላይ የሚባክን ገረጋንቲ ይተርፋል።

ተጠቃሚውንም መቁጠር ያስፈልጋል። የሳምንቱን ሰባት ቀን፣ በተለይም የገበያውን ቀን ያላካተተ ቆጠራ የገጠሩን መንገድ አይገልጽም። አይሱዙውና ባጃጁ ብቻ ሳይሆን እግረኛው፣ ጋሪውና የተጫነ አህያ ሁሉ ይቆጠራሉ። ከዚህ ጋር መንገዱ የሚያገለግለው ሕዝብ ብዛት፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም መንገዱ ቢዘጋ ሌላ መውጫ መኖሩ ይጠየቃል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የገጠር ተደራሽነት የሚለካው ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በሚኖረው የገጠር ሕዝብ ድርሻ ነው። መለኪያው የሚጠይቀው የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን የሰውን ቅርበት መሆኑ ለወረዳ ዕቅድም ትምህርት ይሆናል።

ትራፊክ ብቻውን መመዘኛ ከሆነ ግን አንድ ስሕተት ይፈጠራል። መኪና የማይገባበት መንገድ የሚቆጠር መኪና የለውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ መጨረሻ ይቀመጣል። የሕዝቡ ቁጥርና የአማራጭ መንገድ አለመኖር በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ መግባት ያለባቸው ይህን ለማረም ነው።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚዘጋው አንድ ነጥብ

ክረምት የዘጋው የገጠር መንገድ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተበላሸ 30 ኪሎ ሜትር አይደለም። ድልድይ የሌለው አንድ ጅረት፣ 200 ሜትር የሚሆን የዋልካ ማጥ፣ ተሽከርካሪ የሚያንሸራትት አንድ ዳገት ናቸው። ገንዘብ ሲያንስ ጥበቡ እነዚህን ነጥቦች ለይቶ በጥራት መሥራት፣ የቀረውን በመደበኛ ጥገና ማቆየት ነው።

ለየነጥቡ የሚስማማው መፍትሔ ይለያያል። በበጋ ለሚደርቅና በክረምት ለጥቂት ሰዓታት ለሚሞላ ጅረት ድልድይ ከመሥራት ይልቅ፣ ውኃው በላዩ እንዲያልፍ ሆኖ የሚሠራ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሻገሪያ ይበቃል። በዋልካ ሜዳ ላይ መንገዱን ከአካባቢው ከፍ አድርጎ መሥራትና ውኃውን ማራቅ ይቀድማል። ከ10 በመቶ በላይ ተዳፋት ባለው ዳገት ላይ በየዓመቱ ገረጋንቲ መድፋት ለጎርፍ መገበር ነው፤ እዚያ ድንጋይ ማንጠፍ ወይም ለጎማዎቹ ብቻ ሁለት የኮንክሪት መስመሮች መሥራት ቢወደድም ይከፍላል። በየከተማው በጌጠኛ ድንጋይ ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶች ሙያቸው ለእንደዚህ ዓይነቱ ዳገትም ይሆናል።

ተሽከርካሪ በበዛበት ክፍል ላይ ደግሞ በየጊዜው ገረጋንቲ ከማልበስ ቀጭን የሬንጅ ንጣፍ ማድረግ የሚረክስበት ጊዜ ይመጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ተጀምሮ በቦትስዋና በስፋት የተሠራበት ኦታ ሲል የተባለው ዘዴ፣ ከደረጃ በታች ነው ተብሎ የሚጣለውን የአካባቢ ጠጠር ጭምር ከሬንጅ ጋር ይጠቀማል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣንም በ2011 እ.ኤ.አ. ትራፊካቸው አነስተኛ ለሆኑ መንገዶች የተለየ የዲዛይን መመሪያ አውጥቷል። ለአነስተኛ መንገድ የአውራ ጎዳናን ደረጃ መመኘት ገንዘብን በጥቂት ኪሎ ሜትር መጨረስ ስለሆነ ነው።

ውኃውን ያሸነፈ መንገዱን አዳነ

ከሁሉም ጥገና ርካሹና ቀዳሚው ውኃን ከመንገድ ማውጣት ነው። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር መንገድ መሀሉ ከጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ዝናቡ በላዩ ይተኛል፤ የተኛው ውኃ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ጎማ በመታው ቁጥር ይሰፋል። ቦዩ በአፈር ከተሞላ ውኃው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ሰው በአካፋ የሚያጸዳው ቱቦ ተደፍኖ ሰኔን ካገኘ፣ በመስከረም የሚጠበቀው የአፈር ሙሌት፣ አዲስ ቱቦና የገልባጭ መኪና ኪራይ ነው።

ከመንገድ የወጣው ውኃ የሚሄድበትም ይታሰባል። ከቱቦ አፍ የሚወጣ ጎርፍ በአርሶ አደር ማሳ ላይ ቦረቦር ከፈጠረ፣ ባለማሳው ቱቦውን ቢደፍን የሚያስገርም አይሆንም። በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ከመንገዱ በላይ ያለውን ተዳፋት ቢያካትት ወደ ቦዩ የሚመጣው ጎርፍ ይቀንሳል። በትግራይና በአማራ ክልሎች ከመንገድ የሚወርደውን ውኃ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ በመምራት የተሠሩ ሥራዎች፣ ጎርፉ ለመንገዱ ጠላት፣ ለማሳው ግን ሲሳይ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

ማን ይጠግነው? መቼስ?

ለመደበኛ ጥገና ሁልጊዜ ግሬደር መጠበቅ አያስፈልግም። ኬንያ በ1974 እ.ኤ.አ. በጀመረችው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ተከፍሏቸው እንዲንከባከቡ አድርጋለች። ቦይ ማጽዳት፣ ጉድጓድ መድፈን፣ ቁጥቋጦ መመንጠር በእጅ መሣሪያ የሚከናወኑ ሥራዎች ናቸው። በኢትዮጵያም ሕዝቡ በጉልበቱ መንገድ የመሥራት የቆየ ልምድ አለው። ልምዱ የሚጸናው ግን ነጻ ጉልበቱ በዘመቻ ወቅት ለሚሠራ ሥራ ውሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚደረገው ክትትል ደግሞ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ክፍያ ሲኖር ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለጥገና ለይቶ እንዲይዝ የተደረገውም ጥገና ከአዲስ ግንባታ ጋር ሲሻማ ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ሌላ ፈተና ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ መሬቱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት የሆነበት ወቅት ነው። የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት በመስከረም ከተጀመረ ውሉ የሚፈረመው በጥር ወይም በየካቲት ይሆናል፤ ሥራው ሳይጋመስ ዝናብ ይደርሳል። ስለዚህ ዕቅዱ ከኋላ ወደ ፊት ይቆጠራል። ሰነዱ በሰኔ ይዘጋጃል፤ ክረምቱ ለምልከታ ይውላል፤ የቆጠራው ውጤት በመስከረምና በጥቅምት ዝርዝሩን ያስተካክላል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ለሥራ፣ ግንቦት ለቦይና ለቱቦ ጽዳት ይሆናል። ለድንገተኛ ጉዳት የሚሆን ገንዘብም በጀቱ ሲደለደል መለየት አለበት፤ ካልሆነ በነሐሴ የሚፈርሰው ቱቦ የሌላውን ቀበሌ ድርሻ ይዞ ይሄዳል።

ወረፋው ለሕዝብ ይነገር

የትኛውም ቅደም ተከተል አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስጠብቃል። መጠበቅ የሚከብደው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የየመንገዱ ሁኔታ፣ የተጠቃሚው ብዛት፣ የወጪው ግምትና ከእነዚህ የተገኘው ነጥብ በቀበሌ ስብሰባ ቢነገርና በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ፣ ነዋሪው ለምን ሦስተኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ቆጠራው ስሕተት ካለበትም ያርማል። ጎርፉ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ዝርዝሩ መውጣቱ ባለሥልጣኑንም ይጠብቀዋል። ያልተመዘነ መንገድ በጉትጎታ ወደ ፊት ሲዘል የትኛው ቀበሌ ወደ ኋላ እንደተገፋ በግልጽ ይታያልና።

ወረፋው ላልደረሰው ቀበሌ ደግሞ ባዶ ተስፋ አይበቃም። ሙሉ ጥገናው ለሦስተኛው ዓመት ቢቀጠርም፣ ጅረቱ ላይ መሻገሪያ፣ ማጡ ላይ የድንጋይ ሙሌት በዚህ ዓመት ሊገባለት ይችላል። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ መኪናው ይዘገያል። ምጥ የያዛት እናት ግን በቃሬዛ ወንዝ ከመሻገር ትድናለች።